በፈቃዴ ጸሐፊ ሆኜ

የካቲት 3፣ ሰኞ

እጄን አወጣሁ። ምን እንዳስወጣኝ እንጃ።

የሒሳብ ማኅበራችን ሊቀመንበር «ለጸሐፊነት ፈቃደኛ የሆነ?» ሲሉ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። የሒሳብ ሰው ጫማውን ሲያይ ደግሞ የምር የሚያስብ ይመስላል። አንዱ የብስኩት ላስቲክ ሲያንኮሻኩሽ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ነው እጄ የወጣው። አጨብጫቢው ቀድሞ አጨበጨበ፣ ሌላው ተከተለው፣ አለቀ።

አጨብጫቢው የምለው የማኅበራችንን መጽሔት አዘጋጅ ነው። ሰው ቢያስነጥስም ያጨበጭባል።

ሊቀመንበሩን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ግማሾቻችንን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ስንወጣ በር ላይ ጠብቀው ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «እኔ ዘንድሮ እለቃለሁ፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ካሁኑ አስቢበት» አሉኝ። እኔ ወንበር አልፈልግም። ማስተማሩ፣ ፈተና ማረሙ፣ ቤቱ ይበቃኛል። ለማኅበሩ ብዬ ነው። መንገድ ላይ ግን ያችን ንግግር በሳቸው ድምፅ ለራሴ ስደጋግማት ነበር።

ቤት ስደርስ እትዬ ገብታለች። የቀሩትን ጥርሶቿን አስነቅላ፣ አፏን በሻሽ ሸፍና ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። ድዷ እስኪደርቅ፣ ባለቤቴም ጥርሱን ሠርቶ እስኪገጥምላት እኛ ጋ ትቆያለች። ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው ሙያው። «እኔ እያለሁ ሌላ ቦታ አትሄድም» ብሎ እሱ ነው ያስመጣት። እኔም ደስ ብሎኛል። ታላቄ ናት፤ አሳድጋኛለች።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ቃለ ጉባኤ። የአዳራሽ ኪራይ። የስም ዝርዝር ሁለት ጊዜ ተበላሸ። የእትዬን መድኃኒት ረሳሁ። ነገ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

እትዬ ሾርባዋን እያማሰለች «ይሄ ማኅበራችሁ ግን ምንድነው ሥራው?» አለችኝ። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ስለሚያዳልጥ አንዳንዱን ደግማ ካልነገረችኝ አልሰማትም።

«ኦፕቲማይዜሽን ይባላል። ካለው ነገር ሁሉ የተሻለውን የመፈለግ ሒሳብ ነው። ከመንገዱ አጭሩን፣ ከወጪው ትንሹን…»

«እሱንማ ማን የማይፈልግ አለ? ለዚህ ነው ማኅበር ያቋቋማችሁት?»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ቶሎ ተነሣሁ። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ? ስትበላ መስማት አልቻልኩም። ሾርባውን በድዷ ስትመጠው፣ ሙዙን ስታላምጠው፣ ከከንፈሯ የሚወርደውን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ ሆዴ ይገለበጣል። በልጅነቴ እህሉን አላምጣ ያጎረሰችኝ ሴት ናት። ይህን እያወቅሁ ሆዴ ይገለበጣል።

ሳህኔን ይዤ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባሁ። «ሥራ አለብኝ» አልኩ። ነበረብኝም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እሾሁ ዛሬ ቢሮዬ መጣ። አላንኳኳም፤ አንኳኩቶ አያውቅም።

ከኔ ሁለት በር አልፎ ነው ቢሮው። ባልደረባዬ ነው፤ እሾሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰላምታ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጥፍሩን እስከ ሥጋው ይበላዋል፤ ሲያወራ ፊትህ ድረስ ይጠጋና ትንፋሹ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የተማሪ ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ ምን ነክቶት ሞተ?» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ልጅቷ ፊት።

አንድ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ።

«የሽማግሌው ቲዎረም ስህተት ነው። ለመጽሔቱ ነው። ጸሐፊ ሆነሻል አሉ፤ ተቀበዪ።»

«የትኛው ቲዎረም?»

«ስንት አላቸው?»

እውነቱን ነው፤ ጋሼ የታወቁበት አንድ ነው። ሸለቆ ውስጥ ዓይኑን ታስሮ የሚወርድ ሰው አስብ። አንዴ በምሥራቅና በምዕራብ፣ አንዴ በሰሜንና በደቡብ በእግሩ እየሞከረ ቁልቁል ወዳለበት ብቻ ይራመዳል። ቲዎረሙ «አንዲት ሁኔታ ከተሟላች ይህ ሰው ሁልጊዜ ከሸለቆው ታች ይደርሳል» ይላል። እኛ ሁላችን እሱን እያስተማርን ነው ያረጀን። በሚያዝያው ዓመታዊ ጉባኤ የማኅበሩ ታላቅ ሽልማት ለጋሼ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከሄደ በኋላ መስኮት ከፈትኩ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ለሥራ አስፈጻሚው አቀረብኩ። ጋሼ አልነበሩም፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። አጨብጫቢው ገጹን ሳያነብ አጠፈው።

«ቅናት ነው። ከጉባኤው በፊት እንዲህ ያለ ነገር ምን ይባላል? ለገምጋሚ እንልከዋለን።»

«ለማን?» አልኩት።

«ለማይመልስ ሰው።»

ሳቁ። ሌሎቹ ሁለት አባላትም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፈገግ ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ለእሾሁ «ጽሑፍዎ በግምገማ ላይ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ። የጸሐፊ ሥራ ነው።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ቢሮ ሄድኩ፤ ሕንፃው ባዶ ነበር። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ አየሁት። አንዲት ስህተት ባገኝ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር! ፈለግኩ። በጥላቻ ፈለግኩ።

ልክ ነው።

ሁለት ተለዋዋጭ ብቻ ያላት ትንሽ ምሳሌ ናት። ሸለቆው ለስላሳ ሳይሆን ጠርዝ ያለው ነው። ሰውየው ጠርዙ ላይ ሲደርስ በምሥራቅ ሲሞክር ዳገት፣ በምዕራብ ዳገት፣ በሰሜንም በደቡብም ዳገት። «ደረስኩ» ብሎ ይቆማል። በሰያፍ ግን ቁልቁለቱ አፉን ከፍቶ ነበር። ጋሼ ያስቀመጧት ሁኔታ ይህን ትከለክላለች ተብሎ ነው ስንት ዓመት የታመነው። አትከለክልም። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የምታሳየው ነገር ነው።

ስህተቱ አይደለም ያስጠላኝ፤ ሰው ይሳሳታል። እውነቱ በዚያ አፍ መምጣቱ ነው ያስጠላኝ።

ሰሌዳውን ጠረግኩ። ጉባኤው ይለፍ፤ ሽማግሌ ሰው በክብር ወንበሩን ይልቀቅ፤ ከዚያ እኔው ራሴ አወጣዋለሁ። ያን ጊዜ ሥልጣኑም ይኖረኛል። ማለቴ፣ ከተመረጥኩ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የማኅበሩ ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ስብሰባው እኛ ቤት ሆነ። ቤቱን ከጠዋት ጀምሬ አጸዳሁ። አዲሱን የጠረጴዛ ልብስ አወጣሁ።

እትዬ ከጓዳ ክፍሏ ሆና ቆየች። ደክሟት ነበር። ሰው ፊት አፏን መክፈት እንደማትወድም አውቃለሁ። «ካልፈለግሽ አትውጪ፤ ማንም አይቀየምሽም» አልኳት። «እሺ» አለች። ሾርባዋን ቀደም ብዬ አስገብቼላት በሩን ገርበብ አደረግኩት። ኋላ ላይ ነፋስ ስለነበር ዘጋሁት።

ጋሼ ወደ ጓዳው እያዩ «ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ሲሉ «የለም፣ ብቻችንን ነን፤ ይጫወቱ» አልኩ። ድምፅ ሰምተው መሰለኝ። ነገሩን ለማሳጠር ነው።

ስብሰባው ጥሩ ነበር። ጋሼ ጠረጴዛውን አመሰገኑ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ጠዋት እትዬ በሩን በትንሹ ከፍታ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እንግዶችሽ ሄዱ? አሁን ልውጣ?»

«እትዬ! ማታ እኮ ነው የሄዱት። ምን ሆንሽ?»

«ብቻችንን ነን ስትዪ ሰማሁ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። በቁጣ ቢሆን እመልስላት ነበር። ባለቤቴ ዳቦ እየቆረጠ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠና አየኝ።

ክፍል አለኝ ብዬ ወጣሁ። ክፍሌ ከሰዓት በኋላ ነበር።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። እሾሁ ለማኅበሩ አባላት በሙሉ ኢሜይል በተነ። እኛ «የሽማግሌ ጧሪ ማኅበር» ነን። አጨብጫቢው «መዳፉ እንጂ ጭንቅላቱ የማይሠራ»። እኔ «ጽሕፈቷ ያማረ፣ አከርካሪዋ የት እንዳለ የማይታወቅ ጸሐፊ»። ከታች ተቃራኒ ምሳሌውን አያይዟል። ማን ያነበዋል? ሰው ሁሉ ስድቡን ነው የሚያነበው። ስድቡ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህን አያውቅም? ያውቃል። ደስ ስለሚለው ነው።

አስቸኳይ ስብሰባ። ከአባልነት ይሰረዝ ተባለ። ደብዳቤውን ማን ይጻፍ? ሁሉም ወደኔ ዞረ። «አንቺ ታውቂበታለሽ» አሉ ጋሼ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ አሳዘኑኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ደብዳቤው አለቀ። ሦስት አንቀጽ። ስድብ የለበትም፤ ቁጣ የለበትም። «ማኅበሩ የሐሳብ ልዩነትን ምንጊዜም የሚያከብር ሲሆን» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «የሙያ ጨዋነት» የሚለውን «ጨዋነት» ብቻ አደረግኩት፤ ይበልጥ ይከብዳል። እንዲህ የተዋጣልኝ ጽሑፍ የለም። ለባለቤቴ አነበብኩለት።

«ቆንጆ ነው» አለ። የጀሶ ዱቄት ከጥፍሩ ሥር እያወጣ ነበር፤ የእትዬን የአፍ ቅርጽ ሲያወጣ ውሏል። «ሰውየው ምን አደረገ?»

«ሰደበን።»

«ከመስደቡ በፊትስ?»

«በፊትማ… ጽሑፍ አስገባ።»

«እና?»

«እና ምን እና አለው! መርማሪ ሆንክብኝ እንዴ?»

ትከሻውን ነቀነቀና ወጣ። ደብዳቤውን ላክሁ። ከዚያ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀለም አልነካኝም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ፎቶ ኮፒ ክፍል። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ወረቀት ስፈልግ ሁለት ወጣት መምህራን ገቡ። አላዩኝም።

«ይሄ ሁሉ ልፋቷ እኮ ለወንበሩ ነው» አለ አንዱ።

«ታድያ ምን አለበት? ጥሩ ሊቀመንበር ይወጣታል። ማንንም አታስቀይምም።»

ሁለተኛው እያመሰገነኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የተናነቀኝ እሱ ነው። የመጀመሪያውንማ ምቀኛ ብዬ አልፈዋለሁ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

የእትዬ ጥርስ የሚገጠምበት ቀን ዛሬ ነበር። አብሬያት እንደምሄድ ነግሬያታለሁ፤ ሰኞም ነግሬያታለሁ። ረፋድ ላይ አጨብጫቢው ደወለ። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ አልሠራም፣ የሽልማቱ ዋንጫ ላይ የማኅበሩ ስም ተሳስቶ ተቀርጿል፣ አሁኑኑ ነይ። ሄድኩ። ዋንጫው ላይ «ሒሳብ» በሁለት «ሳ» ነበር የተጻፈው። አንድ «ሳ» ለማስፋቅ ግማሽ ቀን ቆምኩ።

ስመለስ አልጋዋ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

«የት ሄደች?»

«ቤቷ። አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት» አለ ባለቤቴ።

«እሑድ አልነበር የምትሄደው?»

«ጥርሴ ከተገጠመ ምን እሠራለሁ አለች። ቀጥ ብሎ ገጠመ፤ አንድም ቦታ አልጎረበጣትም።»

«ምን አለች? ስለኔ?»

«ሥራዋን አታስፈቷት አለች።»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የሚያላምጥ የለም። ይህን ጸጥታ ስንት ቀን ስመኘው ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ጋሼን ቢሮአቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ከሳምንት በኋላ መድረክ ላይ ሊያቀርቡት ነው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት፣ ራሳቸው ቢያርሙት ክብር ይሆናቸዋል ብዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምን ቃል እንደምመርጥ ሳብሰለስል ነው ያደርኩት።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ የላከው ምሳሌ… አይቼው ነበር።»

«እህ።»

«ልክ ይመስለኛል።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልክ ነው ልጄ። እኔ ካገኘሁት ቆየሁ።»

«መቼ?»

«ከሱ በፊት። ብዙ በፊት። የምናገርበት ጊዜ ጠፋኝ። አንዱ ዓመት ሹመት ነበር፣ አንዱ ዓመት መጽሐፉ ታተመ። ነገር እንዲህ ነው፤ ዛሬ ካላልሺው ነገ ይከብዳል።»

ውሃ ቀዱልኝ። በገዛ እጃቸው፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ በሃያ ዓመቴ ሒሳብ ያስወደደኝ ፈገግታ ነው።

«አንድ ሰው ያገኘዋል ብዬ እጠብቅ ነበር። አንቺ እንድትሆኚ ነበር የምመኘው።»

«ለምን እኔ?»

«አንቺ ስለማትናገሪ።»

አሞገሱኝ እኮ! ወንበሩን የሚሰጡኝም ለዚህ ነው። በምሁርነቴ መስሎኝ። ደረጃውን ወርጄ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆምኩ። መስታወቱ ላይ ሊፕስቲኬ አልተበላሸም። በደንብ የተያዘች ሴት። አስጠላችኝ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

የጉባኤው መጀመሪያ ቀን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሼ ሽልማቱን ተቀብለው ንግግራቸውን አቀረቡ። ሸለቆውን ሳሉ፤ ዓይኑ የታሰረውን ሰው ሳሉ፤ ሰውየው ከታች ደረሰ። መድረክ መሪዋ እኔ ነኝ። ማይክራፎኑን ይዤ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ማንም አልነበረውም።

ያን ጊዜ «እኔ አንድ አለኝ» ብዬ ራሴን ሰማሁት። «ጋሼ፣ ሸለቆው ጠርዝ ካለውስ? ሰውየው ጠርዙ ላይ አይቆምም?»

ጋሼ አየት አየት አደረጉኝና ሳቁ።

«እንግዲህ እኔ እንኳ ጠርዜ ላይ ደርሻለሁ፤ የቀረውን ለናንተ ለወጣቶቹ ትቼዋለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጨብጫቢው ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። ማይክራፎኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለሻይ ስንወጣ ሰው ሁሉ እጄን እየጨበጠ «ምን የመሰለ ጥያቄ አቀበልሻቸው! ቀድማችሁ ተነጋግራችኋል አይደል?» ይለኛል። አጨብጫቢውማ «የነገው ምርጫ አለቀለት» ብሎ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ።

ድፍረቴ ይህቺ ነበረች። እሷንም በሻይ ጠጡልኝ።

መተላለፊያው ላይ እሾሁ ጠበቀኝ። ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ተከልክለሃል ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። በበሩ ስንጥቅ ሰምቷል።

«የኔን ነገር በራስሽ አፍ?» አለኝ። «ከማኅበር አስወጣሽኝ፤ አሁን ደግሞ ጠርዙን የራስሽ አደረግሽው። ሌባ።»

«እኔ እኮ ላግዝህ…»

«ስሜን ጠራሽ?»

አልጠራሁም። ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ። የጥፍሩ ሥር ደምቶ ነበር፤ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። እንደዚህ የሚያስጠላ ሰው ፊት ቆሜ የማስጠላው እኔ ነበርኩ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

በችኮላ አልጽፈውም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። አጀንዳው የጸሐፊዋ ሪፖርት፣ ከዚያ ምርጫ። ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና ወደ ሰሌዳው ሄጄ ጠመኔ አነሣሁ። የእሾሁን ስም ሙሉውን፣ ከነማዕረጉ፣ ከላይ ጻፍኩ። ከሥሩ ምሳሌውን።

«ይህ ጽሑፍ በየካቲት ወር ደረሰኝ» አልኩ። «በዚያው ወር አረጋገጥኩት፤ ልክ ነው። ለጸሐፊው በግምገማ ላይ ነው ብዬ ጻፍኩለት፤ ለማንም አልተላከም ነበር። የተሰረዘበትንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እየተናገርኩ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ስጨርስ ከበሩ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ምልክቱን ተሳስተሻል! ሁለተኛው ላይ መቀነስ ነው!»

ሁሉም ዞረ። እሾሁ በሩን በእግሩ ደግፎ ቆሟል። አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ መደመር ጽፌያለሁ። አጠፋሁና መቀነስ አደረግኩት። አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ምን ያህል እንዳሳነሰኝ መግለጽ አልችልም፤ በሕይወቴ ትልቁን ነገር ሳደርግ ምልክት ተሳሳትኩ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት መምህርት «እኔ ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ» አሉ። ሁለት ሦስት እጅ ደገፋቸው። ሌላው ጫማውን አየ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሡ። አሁን እውነቱን ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ቢሉ፣ «አዎ» ቢሉ፣ እግራቸው ሥር እወድቅ ነበር።

«ማኅበሩ ጸሐፊዋን ስለ ልፋቷ ያመሰግናል» አሉ። «ወደ ምርጫው እንለፍ።»

አለፍን። የኔን ስም ማንም አላነሣም፤ አጨብጫቢው ተመረጠ። ሰው አጨበጨበ። ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ነገር አየሁ፤ የኔም እጆች ያጨበጭባሉ። ደግሞ፣ መጻፍ ካለብኝ፣ ስሙ ሲጠራ ቀናሁበት። ያን ወንበር አሁንም፣ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ እፈልገው ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ያቅለሸለሸኝ ይሄ ነው።

ስወጣ እሾሁ ደረጃው ላይ ነበር። ማመስገን አያውቅበትም፤ አልጠበቅኩም።

«አሁን ንጹሕ ሰው የሆንሽ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«ጥሩ። ጽሑፉን ሌላ መጽሔት ተቀብሎታል። ስምሽን ከምስጋናው ውስጥ አላስገባም።»

«አታስገባ» አልኩት። የተግባባንበት ብቸኛው ነገር ነው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

የጸሐፊነቱን ቁልፍ አስረከብኩ። አጨብጫቢው በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ በጣም ትሑት ሆኗል። የእሾሁ ስረዛ «ወደፊት ይታያል» ተብሏል።

ጋሼን በመተላለፊያው አገኘኋቸው። ሰላም አሉኝ። ባለቤቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እንደ ድሮው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሰላምታቸው ውስጥ እኔ የለሁም።

ለእትዬ ደወልኩ። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት። «ሥራሽስ?» አለች። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «ሥ»ዋን ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

እትዬ ቤት ነኝ። ባለቤቴም አለ፤ ጓሮ የተሰበረ በር እየጠገነላት ነው። ይህን የምጽፈው ጥላው ሥር ተቀምጬ ነው።

ስንደርስ ጎረቤቷ አብራት ነበረች። ይቅርታ ልላት ጀመርኩ፤ ሰው ፊት ሆነብኝና ተውኩት። ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

«ታናሼ ናት» አለች እትዬ ለጎረቤቷ። «ሒሳብ አስተማሪ ናት። ማኅበር ሙሉ ትመራ ነበር። አሁን ከሥልጣን ወርዳ ነው የመጣች።»

«ውይ! ምን ሆነሽ ወረድሽ እናቴ?» አለችኝ ሴትየዋ፤ ከልቧ አዝና።

ሁለቱም ጠበቁኝ። ሳሙና በእጄ እንደያዝኩ አሰብኩ። ከየካቲት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ማን ይነግራታል?

«ሳልወጣ ነው የወረድኩት» አልኳት።

እትዬ በሳቅ ፈነዳች። አፏን ሳትሸፍን፣ አንገቷን ወደኋላ ጥላ። አዲሱን ጥርሷን ያን ጊዜ አየሁት። ነጭና ወጥ ነው። ከፊት ያለችው አንዷ ብቻ ወደ ግራ ትንሽ ታዘነብላለች። ጓሮ ሄጄ ባለቤቴን «አንዷ ተጣማብሃለች» አልኩት።

«አልተጣመመችብኝም» አለ መዶሻውን ሳያስቀምጥ። «የድሮዋ እንደዚያ ነበረች። አላስተዋልሽም?»